ቋሚ ለጋሽ ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ውስጥ በተካሄደ ውይይት፣ ስለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር (ማንም ሊጠቀምበት፣ ኮዱንም ሊያይና ሊያሻሽል የሚችል ፕሮግራም) ገቢ ያስረዱ አንድ ተናጋሪ «ሦስት ጊዜ የሰጠን ሰው ቋሚ ለጋሻችን ነው» አሉ። ታዳሚውም ማስታወሻ ያዘ። ይህ አባባል ስለተደጋገመ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ሦስት ጊዜ የሰጠ ሰው ደግ ሰው ነው፤ ምስጋና ይገባዋል። ቋሚ ለጋሽ የሚባለው ግን «አቁሙ እስክላችሁ ድረስ በየጊዜው ይህን ያህል ውሰዱ» ብሎ አስቀድሞ የፈቀደ ነው። ልዩነቱ በጀት ሲያዝ ይታያል። በአምናው ስጦታ ተማምኖ የሶፍትዌር ባለሙያ የሚቀጥር ማኅበር፣ በሦስተኛው ወር ደመወዝ ሲያጣ ባለሙያውንም ሥራውንም ያጣል።

ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ዕድር የማያውቅ የለም። ዕድርተኛ ወርሃዊ መዋጮውን የሚከፍለው ሰው እስኪሞት ጠብቆ አይደለም። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ ለቅሶ ሳይመጣ የተገዙት በዚያ መዋጮ ነው። በሶፍትዌሩ ዓለም ግን ተቃራኒው ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ኸርትብሊድ የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ ኦፕንኤስኤስኤል ላይ ሲገኝ፣ እጅግ ብዙ ድረ ገጾች ምስጢራቸውን የሚጠብቁበት ይህ ፕሮጀክት በዓመት የሚያገኘው ልገሳ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ገንዘቡ የጎረፈው ከዜናው በኋላ ነው። ቀዳዳው እስከዚያ ድረስ ከሁለት ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆይቷል።

«እንግዲያው ያልከፈለ አይጠቀም» የሚል ምላሽ እጠብቃለሁ። ያን ጊዜ ሶፍትዌሩ ክፍት ምንጭ መሆኑ ያበቃል። የእኛ ዕድር ለመንገደኛውም ድንኳን የሚተክል ነው። ታዲያ አባሉን ምን ያቆየዋል? ጸሐፊው ተነሥቶ ገቢና ወጪውን ሲያነብ የሚሰማው ነገር ነው። «በዚህ ወር በመዋጯችሁ የአማርኛ ፊደላት ሲታተሙ የሚደራረቡበትን ስሕተት አረምን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ስለ ራእይና ተልእኮ ከተጻፈ ገጽ ይልቅ ለጋሽ ያቆያል። ጥያቄውም ተጠቃሚው ሥራውን በሶፍትዌሩ በጨረሰበት ሰዓት ቢቀርብለት ይሻላል።

የአንድ ጊዜ ስጦታን እያጣጣልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የ3D ምስልና አኒሜሽን መሥሪያው ብሌንደር የፕሮግራሙን ኮድ ከባለሀብቶች ለማስለቀቅ በሰባት ሳምንት 100,000 ዩሮ ሰብስቧል። ያ የአንድ ጊዜ ግዢ ነበር። ለገንቢዎቹ የሚከፈለው ግን የየወሩ ጉዳይ ስለሆነ፣ ዛሬ በየወሩ የሚከፍሉ አባላት ያሉት የልማት ፈንድ አለው።

ከሙያዬ ሁለት ነገር ልጨምር፤ ለጀማሪ ማኅበራት የሚነግራቸው አይገኝምና። የካርዱ ጊዜ ያለፈበት ለጋሽ ሳያውቀው ይቋረጣል። «ከዳን» ከማለታችሁ በፊት ያልተሳኩ ክፍያዎችን ዝርዝር ተመልከቱ፤ ጊዜው ሊያልፍ ሲልም አስቀድማችሁ ጻፉለት። በብር የሚሰጥ ሰው ባንኩን ቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ ሊጠይቅ ይችላል።

ሁለተኛው የማስተላለፊያ ክፍያው ነው። በኢንተርኔት የካርድ ክፍያ የሚያስተላልፈው የስትራይፕ ኩባንያ መደበኛ የአሜሪካ ተመን ከእያንዳንዱ ክፍያ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ነው። ስለዚህ በየወሩ 1 ዶላር ከሚሰጥ ሰው በዓመት ወደ 4 ዶላር የሚጠጋ ይቆረጣል፤ 12ቱን ዶላር በአንዴ ቢሰጥ ግን 65 ሳንቲም ገደማ ብቻ ነው። አነስተኛ መጠን ለሚሰጡት በየዓመቱ በራሱ የሚታደስ ምርጫ አቅርቡላቸው። እነርሱም ቋሚ ለጋሾች ናቸው።