የፊልም ካሴትና የዲስክ ሽፋን በሰብሳቢዎች ዓይን

ፊልም በካሴት ወይም በዲስክ ለቤት ሲሸጥ ራቁቱን አይመጣም። ካርቶን፣ ፕላስቲክ ወይም ቆርቆሮ ለብሶ፣ ፊቱ ላይ ሥዕል፣ ጀርባው ላይ ጽሑፍ ይዞ ነው የሚመጣው። ለብዙ ሰው ይሄ ማሸጊያ ብቻ ነው። ይቀደዳል፣ ይጣላል፣ ልጅ ይጫወትበታል። ለሰብሳቢ ግን የዕቃው ግማሽ እሱ ነው። በአማርኛ ስለዚህ ነገር አንድ ላይ ተሰብስቦ የተጻፈ ስላላገኘሁ፣ የሽፋኖቹን ታሪክና ሰብሳቢዎች የሚወዱትንና የሚጠሉትን እዚህ አሰባስቤያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የካሴት ዘመን

ሶኒ ቤታማክስ የተባለውን የቪዲዮ ካሴት ዓይነት በ1975፣ ጄቪሲ ደግሞ ቪኤችኤስን በ1976 ጃፓን ውስጥ ለገበያ አቀረቡ። በ1977 ማግኔቲክ ቪዲዮ የሚባል የሚቺጋን ኩባንያ ከትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ 50 ፊልሞችን በካሴት ለመሸጥ ፈቃድ አገኘ። የአሜሪካ የቤት ቪዲዮ ንግድ ከዚያ ጀመረ ቢባል ስህተት አይደለም።

የቪኤችኤስ ካሴት 18.7 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 10.3 ሴንቲ ሜትር ወርድና 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ካሴት የሚሸጠው በስስ ካርቶን ነበር። ብሪታንያ ውስጥ ግን እንደ መጽሐፍ የሚከፈት የፕላስቲክ ሳጥን ነው የተለመደው። ካርቶኑ ርካሽ ነው፤ ግን ቶሎ ያረጃል። ካሴቱ በገባና በወጣ ቁጥር አፉ ይሰፋል። ጥግ ጥጉ ይላጥና ነጩ ወረቀት ይታያል። ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ቀዩና ቢጫው ቀለም ቀድሞ ይሄዳል። የቪዲዮ ቤት መስኮት ላይ ከርሞ የተዋናዮቹ ፊት ሰማያዊ የሆነ ሽፋን ያላየ የኔ ዘመን ሰው ያለ አይመስለኝም። ሰብሳቢ ያንን ሰማያዊ ከሩቅ ያውቀዋል። ዋጋውም እዚያው ይወርዳል።

ሥዕሉ ለምን እንዲህ ትልቅ ነገር ሆነ? ካሴት ሊከራይ የገባ ሰው ስለ ፊልሙ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ያለው ሽፋኑ ነው። ስለዚህ ታዋቂ ተዋናይ የሌላቸው፣ በትንሽ ገንዘብ የተሠሩ ፊልሞች ገንዘባቸውን ሠዓሊ ላይ አዋሉ። በተለይ የአስፈሪ ፊልም አከፋፋዮች በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከካሴቱ በጣም የሚበልጥ ትልልቅ ሳጥን ያሠሩ ነበር፤ መደርደሪያ ላይ ከጎረቤቶቹ በልጦ እንዲታይ። ዛሬ እነዚህ ትልልቅ ሳጥኖች በሰብሳቢ ዘንድ የሚፈለጉት ብዙ ጊዜ ከፊልሙ ይልቅ ለሥዕሉ ነው። በእጅ የተሳለ ሽፋን ላይ የሰው ልፋት ይታያል። እኔም በዚህ ነገር ገለልተኛ ነኝ አልልም።

ሽፋን ሕግ እስከ ማስወጣት የደረሰው ብሪታንያ ውስጥ ነው። በዚያ አገር በካሴት የሚሸጥ ፊልም መጀመሪያ ላይ ቅድመ ምርመራ አልነበረበትም። በ1982 «ድሪለር ኪለር» የተባለ ፊልም በመጽሔቶች ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ወጣለት። ሥዕሉ በቀጥታ ከካሴቱ ሽፋን የተወሰደ ነበር፤ ግንባሩ በመሰርሰሪያ የሚበሳ ሰው። የአቤቱታው ጎርፍ ተከተለ። ከዚያ በኋላ ዐቃቤ ሕግ የ72 ፊልሞች ዝርዝር አወጣ። ከእነዚህ 39ኙ ፍርድ ቤት ቀርበው ተፈረደባቸው። በ1984 የቪዲዮ ቀረጻዎች ሕግ ጸደቀና እያንዳንዱ ካሴት የዕድሜ ምልክት እንዲለጠፍበት ግዴታ ሆነ። ከዚያ ሕግ በፊት የወጡት ካሴቶች ዛሬ ለብቻቸው የሚሰበሰቡ ናቸው፤ ሽፋናቸው ላይ የዕድሜ ምልክት አለመኖሩ ራሱ ማስረጃቸው ነው። ግርግሩን ያስነሳው ሽፋኑ ነው ወይስ ፊልሙ? አሁንም ይከራከራሉ። ከተቆጡት ብዙዎቹ ፊልሙን እንዳላዩት ግን ግልጽ ነው።

የዲዝኒ ካሴቶች ሌላ ዓለም ናቸው። ከ1984 መጨረሻ ጀምሮ ጎናቸው ላይ ጥቁር አልማዝ የመሰለ ምልክት ያለባቸው ካሴቶች ወጡ። ሳጥናቸው ነጭ፣ ወፍራም፣ ለልጅ እጅ የተሠራ ፕላስቲክ ነው። ሲከፈት ጠቅ ይላል። ስለ እነዚህ «በሺዎች ዶላር ይሸጣሉ» የሚል ወሬ አለ። ይሄ ውሸት ነው ማለት ይቻላል። የታወቁት ርዕሶች በሚሊዮኖች ነው የተሸጡት፤ ከአሜሪካ ቤቶች ስንቱ ምድር ቤት ውስጥ እንዳሉ አይቆጠርም። ሻጭ የጻፈው ዋጋ አንድ ነገር ነው፤ ገዢ የከፈለው ሌላ። ሰብሳቢ የሚያየው ሁለተኛውን ነው።

ያልተከፈተ ካሴት ግን ታሪኩ ይለያል። በሰኔ 2022 የ«ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ያልተከፈተ ቪኤችኤስ ሄሪቴጅ በተባለው አጫራች ቤት በ75,000 ዶላር ተሸጠ። ካሴቱ በፊልሙ ላይ ከተጫወቱት አንዱ የቶም ዊልሰን ነበር። ከዚያ ወዲህ ካሴቱ የታሸገበት የላስቲክ ነገር ራሱን የቻለ ጥናት ሆኗል፤ ስፌቱ የት ነው፣ ላዩ ላይ የኩባንያው ምልክት አለ ወይስ የለም፣ በኋላ የተሸፈነ ነው ወይስ ከፋብሪካው። የድሮ ሰብሳቢዎች ይሄን አይወዱትም። ካሴት ለማየት ነው የተሠራው ይላሉ።

ሌዘርዲስክ

ሌዘርዲስክ ከዲቪዲ በፊት የነበረ ትልቅ የፊልም ዲስክ ነው። በታኅሣሥ 1978 በአሜሪካ አትላንታ ከተማ ውስጥ ለሽያጭ ቀረበ። ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ሽፋኑ የሸክላ ሙዚቃ ሽፋን ያህል ነው። ለሥዕል የዚህን ያህል ሜዳ የሰጠ የቤት ቪዲዮ ጥቂት ነው። በጃፓኖቹ ላይ የሚታሰር ጠባብ የወረቀት መቀነት አለ፤ ኦቢ ይባላል። ኦቢው የጠፋበት ዲስክ ለጃፓን ሰብሳቢ ጎደሎ ነው።

የዲቪዲ ሳጥን ጠብ

ዲቪዲ በኅዳር 1996 ጃፓን፣ በመጋቢት 1997 አሜሪካ ገባ። የዛሬው የታወቀው ረዥም ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ቁመቱ 19 ሴንቲ ሜትር ነው። ለዲስኩ ብቻ ቢሆን እንደ ሲዲ ሳጥን ማነስ ይችል ነበር። ግን የቪኤችኤስ ቁመት ስለያዘ፣ ሱቁም ቤቱም በነበረው መደርደሪያ ቀጠለ።

ዋርነር የተባለው የፊልም ኩባንያ ግን ለዓመታት ሌላ መንገድ ነበር የመረጠው። ሰብሳቢዎች ስናፐር ይሉታል። ፊቱና ጀርባው አንድ ካርቶን ነው፤ በጎኑ የፕላስቲክ ከንፈር አለ፤ ከንፈሩ በካርቶኑ ላይ ታጥፎ ጠቅ ብሎ ይዘጋል። አንድ እጄ ላይ አለ። ከንፈሩን በአውራ ጣት ስትገፋው ካርቶኑ ትንሽ ይጎብጣል። ሃያ ጊዜ ከከፈትከው በኋላ የመታጠፊያው መስመር ነጭ ይሆናል። ሽፋኑ ቢቀደድ ወረቀቱን አውጥተህ በሌላ ሳጥን ልትከተው አትችልም፤ ሳጥኑም ሽፋኑም አንድ ነውና። ሰብሳቢዎች ስለ ስናፐር የሚያወሩትን ያህል ስለ ሌላ ሳጥን ተማርረው ሲያወሩ አላየሁም። እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ድረስ ነው የቆየው፤ በኋላ ኩባንያው ራሱ ወደ ፕላስቲኩ ዞረ። አሁን ግን አንዳንዶች በናፍቆት ይፈልጉታል። ወረቀቱ በእጅ ሲያዝ ደስ ይላል የሚሉ አሉ። አልስማማም፤ ግን ይገባኛል።

ሁለተኛው ቅሬታ የመጣው ከ2008 በኋላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፕላስቲክ ለመቆጠብ ሲባል ግድግዳው ተበስቶ የተሠራ ሳጥን ወጣ። ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው። ሲይዙት ግን ጣት ወረቀቱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ሽፋኑም ይሰረጉዳል። ብዙ ሰብሳቢ እንደገዛ የመጀመሪያ ሥራው ሳጥኑን በደህናው መቀየር ነው። ባዶ ሳጥን በደርዘን የሚገዙት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የሥዕሉ ነገር ነው። በካሴት ዘመን የነበረው የእጅ ሥዕል እየቀረ፣ በኮምፒውተር የተቆረጡ የተዋናዮች ጭንቅላቶች ሽፋኑን ሞሉት። ሰብሳቢዎች «ተንሳፋፊ ጭንቅላት» ይሉታል። ፖስተሩ ድንቅ የነበረ ፊልም በድጋሚ ሲወጣ ጭንቅላት ብቻ ተለጥፎበት ይመጣል። ሻጮች መልስ አላቸው፤ ሰው ፊት ሲያይ ይገዛል። እውነት ሊሆን ይችላል። የሠዓሊውን ሥራ መጣሉን ግን አያስረሳም።

ብሉሬይ፣ ቆርቆሮና የጀርመን ምልክት

ከዲቪዲ የጠራ ምስል የሚይዘው ዲስክ፣ ብሉሬይ፣ በ2006 መጣ። ሳጥኑ ከዲቪዲ ያጥራል፤ ቀለሙ ሰማያዊ ነው። ተቀናቃኙ ኤችዲ ዲቪዲ ቀይ ነበር፤ ቶሺባ በየካቲት 2008 ተወው። ከብሉሬይ በኋላ የመጣው፣ ይበልጥ የጠራ ምስል የሚይዘው የፎርኬ (4K) ዲስክ ሳጥን ጥቁር ነው። መደርደሪያ ላይ ቀለሙ ብቻ የትኛው የቱ እንደሆነ ይናገራል።

ስቲልቡክ የሚባለው የቆርቆሮ ሳጥን ስካናቮ የተባለ የዴንማርክ ኩባንያ ሥራ ነው። ያምራል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ሥዕሉ ይነሳል። አበሳው መሰርጎድ ነው። በፖስታ ተልኮ ጥጉ የተጎዳ ስቲልቡክ የደረሰው ሰው ንዴቱን አይረሳውም። እኔም አንዴ ደርሶኛል፤ ፊልሙ ምንም አልሆነም፣ እኔ ግን ሳምንት ሙሉ ዓይኔ ከዚያች ጎድጓዳ ላይ አልነሳ አለ። ዓይነቱን ሁሉ በስቲልቡክ ብቻ የሚሰበስቡ አሉ። የፊልሙን ስም እንኳ ፊቱ ላይ አለመጻፉን የሚወዱትም እነሱ ናቸው።

ከሁሉ የበለጠ የሚያሳዝነኝ የጀርመኖቹ ነው። በ2008 የወጣቶች ጥበቃ ሕጉ ተሻሻለና የዕድሜ ምልክቱ በፊት ገጹ ግራ ታችኛው ጥግ ላይ ቢያንስ 1,200 ካሬ ሚሊ ሜትር እንዲሆን ታዘዘ። ለ12 ዓመት አረንጓዴ፣ ለ16 ሰማያዊ፣ ለ18 ቀይ። ሕፃናትን መጠበቅ ተገቢ ነው። ግን ያ ቀይ ካሬ ስንቱን ሥዕል አበላሸ! አሳታሚዎቹ ዘዴ አገኙ፤ ወረቀቱን በሁለቱም ወገን ማተም። በውጭ ምልክቱ አለ፣ በውስጥ የለም። ሰብሳቢው ቤቱ ገብቶ ጥርት ያለውን ላስቲክ በጥንቃቄ ያነሳና ወረቀቱን ቀስ አድርጎ ይስባል። ይገለብጠዋል። መልሶ ሲከት ጥጉ እንዳይያዝ ትንፋሹን ይውጣል። ጀርመን ውስጥ አንድ ፊልም በሰብሳቢ ሲገመገም «ሽፋኑ ይገለበጣል?» የሚለው ጥያቄ ቀድሞ ይመጣል።

ቁጥር ያለው መደርደሪያ

ክራይቴሪየን ኮሌክሽን የተባለው የአሜሪካ ፊልም አሳታሚ በ1984 በሌዘርዲስክ ጀመረ። በ1998 ወደ ዲቪዲ ገባ። በሳጥኖቹ ጎን ላይ ተራ ቁጥር ይጽፋል። ይቺ ቁጥር ብዙ ሰው አሳብዳለች። መደርደሪያህ ላይ 40 ካለ፣ 42 ካለ፣ 41 ይጠራሃል። ፊልሙን ባትወደውም። ደስ የሚለው ነገር፣ የዲቪዲዎቹ ቁጥር 1 ራሱ በሰዓቱ አልመጣም። «ግራንድ ኢሉዥን» ነበር፤ ከቀድሞው የተሻለ ዋናው ኔጋቲቭ ስለተገኘ ሥራው እንደ አዲስ ተጀመረና በ1999 ወጣ። ቁጥር 2 ቀድሞት ሄደ። ለጥራት ሲባል ተራን መልቀቅ በኔ ዓይን ክብር ነው። ኩባንያው ለየፊልሙ አዲስ ሥዕል ማሠራቱም የሚመሰገን ነው፤ አንዳንዱ ሽፋን ግን ከፊልሙ ጋር አይተዋወቅም የሚሉ ሰብሳቢዎች አሉ። የካርቶን መያዣዎቹ ላይም ወቀሳ አለ፤ ዲስክ ሲወጣ ካርቶን ይዳብሳል፣ ይጫራል።

የብሪታንያው አሮው ቪዲዮ ለጠቡ ቆንጆ መፍትሔ አመጣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መስኮት የተቆረጠለት የካርቶን ልባስ ሠራ። ውስጡ አራት ዓይነት ሥዕል ነበረበት፤ አዲሱም የድሮው ፖስተርም። የወደድከውን በመስኮቱ በኩል ታሳያለህ። የድሮ ወዳጅና የአዲስ ወዳጅ በአንድ ሳጥን ታረቁ።

ከሳጥኑ ላይ የሚጠለቀው ስስ የካርቶን ልባስ፣ ስሊፕከቨር፣ ዛሬ ትልቁ የክርክር ርዕስ ነው። ብዙ ጊዜ ላዩ ያለው ሥዕል ከሥሩ ካለው ጋር አንድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያው ኅትመት ብቻ ስለሚሠራ ግን ሲያልቅ ዋጋው ይሰቀላል። ገሚሱ «ያለ ልባስ አልገዛም» ይላል። ገሚሱ «ወረቀት በወረቀት ላይ» ይላል። አዲስ ሥዕል የያዘ ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነኝ።

በእኛ ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ በማውቃቸው ቪዲዮ ቤቶች ሽፋኑ ለደንበኛ አይሰጥም ነበር። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ካሴቱ በባዶ ሳጥን፣ ስሙ በእስክሪብቶ ተጽፎበት ይወጣል። ከጅዳ ዘመድ የሚልከውም ሻንጣ እንዳይሞላ ሽፋኑን ጥሎ ነበር የሚልከው። ስለዚህ እኛ ጋ የተረፈ ካሴት አለ፣ የተረፈ ሽፋን ግን ጥቂት ነው።

የአማርኛ ፊልም በቪሲዲ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። አንድ ቪሲዲ ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ነው የሚይዘው። ፊልሙ ስለዚህ ለሁለት ዲስክ ይከፈላል፤ ልብ ሰቀላው ላይ ሲደርስ ተነስተህ ትቀይራለህ። እጄ ላይ ካሉት አብዛኞቹ ስስ ላስቲክ ውስጥ የገቡ ናቸው፤ ከፊት የተዋናዮቹ ፎቶ፣ ከኋላ የባለሙያዎቹ ስም በደቃቅ ፊደል፣ ከታች «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው»። ዲስኮቹ አሁን አብዛኞቹ አያነቡም። ወረቀቶቹን አውጥቼ፣ ቀጥ አድርጌ በፋይል ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ቦታ። ካሜራ የያዘው ማን እንደነበር፣ ሜካፑን የሠራችው ማን እንደነበረች ከእነሱ ላይ ይነበባል።