የቤንጋል ባለመሬቶችና ጭሰኞቻቸው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ሕንድ ባለመሬቶች ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ታሪክ አጭር ነው። ከፍተኛ ካስት፣ ማለትም በትውልድ የሚወረስ ከፍተኛ ማኅበራዊ ደረጃ፣ ያላቸው ሂንዱዎች ከጥንት ጀምሮ መሬቱን በሃይማኖት ሕግ ያዙ፣ ዝቅ ተደርገው የሚታዩት አረሱላቸው፣ ነጻነት ሲመጣ ሁሉም ነገር አበቃ ይባላል። ይህ አተራረክ ግፉን ባይክድም ግፉ በየትኛው ሕግና በማን እጅ እንደተፈጸመ አይናገርም፤ ስለዚህም የአራሹን ኑሮ አያሳየንም። ከዚህ በታች በዋናነት የማነሣው ዛሬ በሕንድ የምዕራብ ቤንጋል ግዛትና በባንግላዴሽ መካከል የተከፈለውን የቤንጋልን ምድር ነው። ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ዛሚንዳሮች ከጥንት ጀምሮ የመሬቱ ባለቤቶች ነበሩ»

«ዛሚንዳር» የፋርስኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ መሬት ያዥ ማለት ነው። ከእንግሊዞች በፊት ሕንድን በገዙት በሙጋሎች ዘመን ዛሚንዳር ከገበሬው ግብር ሰብስቦ የራሱን ድርሻ ካስቀረ በኋላ ቀሪውን ለገዢው የሚያስገባ ሰው ነበር። ለአማርኛ አንባቢ ነገሩን ለማቅረብ፣ መብቱ ከርስት ይልቅ ጉልትን ይመስላል ማለት ይቻላል፤ ሊሸጠውና ሊያወርሰው የሚችለው የሰብሳቢነት መብቱን እንጂ የገበሬውን ማሳ አልነበረም። ገበሬውም በልማድ የተወሰነበትን እስከከፈለ ድረስ ከማሳው እንደማይነቀል ይታመን ነበር።

ይህን የለወጠው የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ነው። ኩባንያው በ1765 የቤንጋልን፣ የቢሃርንና የኦሪሳን ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን አገኘ። በ1769 እና በ1770 በደረሰው ታላቅ ረሃብ ከቤንጋል ሕዝብ ሲሶው እንዳለቀ የኩባንያው የቤንጋል ገዢ ዋረን ሄስቲንግስ ገምቶ ነበር፤ ኩባንያው ግን ግብሩን አልተወም። በ1793 የኩባንያው ጠቅላይ ገዢ ሎርድ ኮርንዋሊስ ቋሚውን የግብር ድንጋጌ ሲያውጅ ዛሚንዳሩ በሕግ ባለመሬት ሆነ። ከጭሰኛው ይገኛል ተብሎ ከተገመተው ኪራይ ከ11 እጁ 10ሩ ለኩባንያው፣ 1ዱ ለዛሚንዳሩ ተመደበ፤ የኩባንያው ድርሻም ለዘለዓለም እንዳይጨምር ተወሰነ። በጭሰኛው ላይ የሚጣለውን ኪራይ በተግባር የሚገድብ ነገር ግን አልነበረም። እንዲያውም በ1799 የወጣውና «ሃፍታም»፣ ማለትም ሰባተኛው፣ እየተባለ የሚጠራው ደንብ ዛሚንዳሩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ የባለዕዳውን ጭሰኛ ሰብልና ንብረት እንዲይዝ ፈቀደለት።

በደቡብ ምዕራብ ሕንድ በማላባርም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በዚያ «ጄንሚ» የሚባሉት ባለመሬቶች፣ በተለይም ናምቡዲሪ ብራህማን የሚባሉት የካህናት ካስት አባላት፣ በልማድ ከምርቱ ድርሻ ነበራቸው፤ የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ግን እንደ ፍጹም ባለቤት ቆጥረው ተከራዩን የማስለቀቅ ሥልጣን ሰጧቸው። በ1881 ጉዳዩን እንዲመረምር የተሾመው ዊልያም ሎጋን፣ ራሱ የዚያው መንግሥት ሹም ሆኖ ሳለ፣ ፍርድ ቤቶቹ ልማዱን በስሕተት እንደተረጎሙት ጽፏል።

ዛሚንዳርነት በመላ ሕንድ ነበር የሚለውም ልክ አይደለም። በማድራስና በቦምቤይ ግዛቶች በአብዛኛው ግብሩ የሚጣለው በቀጥታ በመሬት ያዡ ገበሬ ላይ ነበር።

«ባለመሬቶቹ የጥንት መሳፍንት ልጆች ነበሩ»

ከ1793 በኋላ ግብሩን በቀኑ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያላስገባ ዛሚንዳር መሬቱ በሐራጅ ይሸጥበት ነበር። በዚህ የተነሣ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። የገዙት ሰዎች የእነዚያው ቤቶች መጋቢዎችና ጸሐፊዎች፣ አበዳሪዎችና የካልካታ ነጋዴዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ብራህማን፣ ካያስታ ወይም ባይድያ ከሚባሉት ካስቶች የወጡ ናቸው። ካስት እዚህ ላይ ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ ድርሻው ግን ሃይማኖት መሬት ስለሰጣቸው የመጣ አይደለም። ለትውልዶች ጽሕፈት፣ የሒሳብ መዝገብና የፍርድ ቤት ቋንቋ በእጃቸው ስለነበረ ሐራጁ መቼ እንደሚወጣና መሬቱ ስንት እንደሚያወጣ ያውቁ ነበር። ሞፈር መጨበጥ ለክብራቸው እንደማይገባ በመቁጠራቸውም መሬቱን የገዛው ሰው መሬቱን የሚያርስ ሰው ሆኖ አያውቅም ማለት ይቻላል።

«እያንዳንዱ ባለመሬት ቤተ መንግሥት የነበረው ሀብታም ነው»

እጅግ የሀብታሙ ቤት አልጠፋም፤ የበርድዋን ማሃራጃ ግዛት ለዚህ ምሳሌ ነው። ነገር ግን በዛሚንዳሩና በአራሹ መካከል ረጅም ሰንሰለት ነበር። የበርድዋኑ ባለመሬት ግዛቱን ቆራርሶ «ፓትኒ» በሚባል ቋሚ ውል አከራየ፤ የ1819 ደንብም ይህን ሕጋዊ አደረገው። ፓትኒ የያዘው ለሌላ አከራየ፣ ያም ለሌላ። በአንዳንድ አውራጃዎች በአንድ መሬት ላይ 50 እና ከዚያ በላይ እርከን የሚደርስ የመካከለኛ ይዞታ እንዳለ የሕንድን አስተዳደር የመረመረው የእንግሊዞች የሳይመን ኮሚሽን በ1930 መዝግቧል። እያንዳንዱ እርከን የሚኖረው ከበታቹ በሚያገኘው ብልጫ ስለነበረ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው በመጨረሻው ሰው ጫንቃ ላይ ነበር። በላዩ ላይ «አብዋብ» የሚባለው ሕገወጥ መዋጮ ይታከላል፤ በባለመሬቱ ቤት ሠርግ ቢሆን፣ ለአምልኮ በዓል ቢደገስ፣ ጭሰኛው ይከፍላል። በአንጻሩ በሰንሰለቱ መሐል ከነበሩት የከፍተኛ ካስት ቤተሰቦች ብዙዎቹ ከውርስ በተከፋፈለች ጥቂት ኪራይና በልጃቸው የጽሕፈት ቤት ደመወዝ የሚኖሩ ነበሩ። ይህን የምለው ለእነሱ ጠበቃ ለመቆም አይደለም፤ ሥርዓቱ ያን ያህል ዘመን የቆየው ብዙ ሰዎች በትንሽ በትንሹ ስለበሉበት መሆኑ መታወቅ ስላለበት ነው።

«ጠቡ የሂንዱ ባለመሬትና የሙስሊም ጭሰኛ የሃይማኖት ጠብ ነበር»

በምሥራቅ ቤንጋል አብዛኞቹ ዛሚንዳሮች የከፍተኛ ካስት ሂንዱዎች፣ አብዛኞቹ ጭሰኞች ደግሞ ሙስሊሞች መሆናቸው እውነት ነው። ውርደቱም እውነት ነው። ታዋቂው የቤንጋል ባለቅኔ ራቢንድራናት ታጎር የቤተሰቡን ግዛት ሲያስተዳድር፣ ሙስሊም ጭሰኞች በባለመሬቱ ጽሕፈት ቤት ሲቀመጡ እንዳይቀመጡበት የምንጣፉ ጫፍ ይገለበጥ እንደነበር አይቶ ጽፏል። ሆኖም ናማሹድራ የሚባሉት ሂንዱ ገበሬዎችም የዚያው ንቀትና የዚያው ኪራይ ተሸካሚዎች ነበሩ፤ ከታላላቆቹ ባለመሬቶች መካከልም የዳካ ናዋብ ቤተሰብ ሙስሊም ነበር።

በ1873 በፓብና አውራጃ የሆነው ነገር ይህን ይበልጥ ያብራራል። የ1859 ሕግ አንድን መሬት 12 ዓመት ያለማቋረጥ የያዘ ጭሰኛ እንዳይነቀል መብት ሰጥቶት ነበር። የፓብና ዛሚንዳሮች ይህን መብት ለማፍረስ ጭሰኞቹን አዲስ ውል አስፈረሙ፣ ኪራይ ጨመሩ፣ በአጭር የመለኪያ ዘንግ እየለኩ ማሳውን በወረቀት አሰፉት። ጭሰኞቹ ማኅበር መሠረቱ፣ ገንዘብ አዋጥተው በፍርድ ቤት ተከራከሩ፣ የእንግሊዟ ንግሥት ጭሰኞች እንጂ የማንም አንሆንም አሉ። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ሲሆኑ ከመሪዎቻቸው አንዱ ኢሻን ቻንድራ ሮይ ሂንዱ ነበር። የ1885 የቤንጋል የጭሰኞች ሕግ እንዲወጣ ካስገደዱት ምክንያቶች አንዱ የእነዚህ ሰዎች ትግል ነው።

«በዳዩ ሁልጊዜ የከፍተኛ ካስት ሰው ነው»

ከመንደር ሳይወጣ ሰፊ መሬት የያዘው «ጆተዳር» ብዙ ጊዜ ራሱ የገበሬ ካስት አባል ወይም ሙስሊም ነበር። በሥሩ የሚያርሰው «ባርጋዳር» እኛ እኩል አራሽ የምንለው ዓይነት ሰው ነው፤ ከምርቱ እኩሌታውን ይሰጣል። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ከጨረሰው የ1943 ረሃብ በኋላ፣ በ1946 መጨረሻ፣ እነዚህ አራሾች «ቴብሃጋ» በሚባለው ንቅናቄ ባለመሬቱ ሲሶ ይብቃው ብለው ተነሡ። ጥያቄው አዲስ አልነበረም፤ የቤንጋልን የመሬት ግብር ሥርዓት እንዲመረምር የተሾመው የፍላውድ ኮሚሽን በ1940 ይህንኑ መክሮ ነበር። የቤንጋል ገበሬዎች «ላንጎል ጃር፣ ጆሚ ታር» ይሉ ነበር፤ ማረሻው የማን ከሆነ መሬቱም የእሱ ነው ማለት ነው። መሬት ለአራሹ ሲባል ለሰማ ትውልድ ማስተርጎም አያስፈልገውም።

«ዛሚንዳርነት ሲሻር አራሹ መሬት አገኘ»

በምሥራቅ ቤንጋል በ1950፣ በምዕራብ ቤንጋል በ1953 የወጡት ሕጎች የዛሚንዳሩን መብት ካሳ ከፍለው አስቀሩ። ነገር ግን ከላይ ያለው ሲነሣ በቦታው የቆመው በአብዛኛው ስሙ በመዝገብ የሰፈረው ባለይዞታ ነበር፤ ባርጋዳሩ በመዝገብ ላይ ስላልነበረ በሕግ ፊት እንደሌለ ተቆጠረ። ይህ ክፍተት በምዕራብ ቤንጋል መደፈን የጀመረው በ1978 «ኦፕሬሽን ባርጋ» ሲጀመር ነው። ቀደም ሲል መዝጋቢዎች የሚያርፉት በባለመሬቱ ቤት ስለነበረ አራሹ አፉን አይከፍትም ነበር፤ አሁን ግን ሹሞቹ አመሻሽ ላይ አራሾቹ ባሉበት ሰፈር ተሰብስበው ስማቸውን ጠየቁ፣ ዝርዝሩንም በሕዝብ ፊት አነበቡ። 1.4 ሚሊዮን ያህል ባርጋዳሮች ተመዘገቡ፤ ከማሳቸው በዘፈቀደ እንዳይነቀሉም ሕግ ቆመላቸው። በቀን ሥራ ብቻ የሚያድረው መሬት አልባ ሠራተኛ ግን በዚያ መዝገብ ቦታ አልነበረውም፤ ከባሎቻቸው እኩል በጭቃው ሩዝ የሚተክሉት ሴቶችም ስማቸው የተጻፈው እጅግ በጥቂቱ ነው።