ፍሌክስ ፓክ ምንድን ነው? የጁኒየር ሆኪ ቲኬት ለሺፍት ሠራተኛ ቤተሰብ

መሥሪያ ቤት ካፌ የምሳ ኩፖን ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ፍሌክስ ፓክን ለመረዳት አይቸገርም። አሥር ኩፖን አንዴ ትገዛላችሁ፤ ሰኞ ብትበሉበት ሐሙስ የእናንተ ጉዳይ ነው፤ እንግዳ ከመጣ ሦስቱን በአንድ ቀን ቆርጣችሁ ትሰጣላችሁ። የካናዳ የጁኒየር ሆኪ ቡድኖች የሚሸጡት ፍሌክስ ፓክም እንዲሁ ነው። ቀን ያልተቆረጠላቸው የጨዋታ ቫውቸሮች በጥቅል ይሸጣሉ፤ የአንዱ ዋጋ በር ላይ ከሚከፈለው ቀነስ ይላል። አሥር ቫውቸር ያለበት ጥቅል የተለመደ ነው። ብቻችሁን አሥር ጨዋታ ልታዩበት ትችላላችሁ፤ አምስት ሆናችሁ ሄዳችሁ በሁለት ማታ ልትጨርሱትም ትችላላችሁ።

እኔ የምኖረው ካልጋሪ ነው። እዚህ ያለነው ሐበሾች ብዙዎቻችን በሺፍት ነው የምንሠራው፤ የአረጋውያን መጦሪያ፣ መጋዘን፣ ታክሲ፣ ሆስፒታል። የሚቀጥለው ወር ቅዳሜ ማታ እረፍት ይሁን ሥራ ከአሁኑ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ልጆቻችን ደግሞ ትምህርት ቤት ስለ ሆኪ ሲወራ ውለው ይመጣሉ። ይህ የቲኬት ዓይነት ለእኛ ቤት የተሰፋ ልብስ ነው የምለው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ጁኒየር ሆኪ ጥቂት ልበል። የካናዳ ሆኪ ሊግ የሚባለው ሦስት ሊጎችን ያቀፈ ነው፤ የምዕራቡ፣ የኦንታሪዮና የኬቤክ። 60 ያህል ቡድኖች አሉት፣ ጥቂቶቹ ድንበር ተሻግረው አሜሪካ ውስጥ ናቸው። ተጫዋቾቹ በአብዛኛው ከ16 እስከ 20 ዓመት የሆኑ ልጆች ናቸው። የትልቁ ሊግ (ኤን ኤች ኤል) ኮከብ ኮነር ማክዴቪድ በ2015 ኤድመንተን ከመምጣቱ በፊት የተጫወተው ለጁኒየሩ ቡድን ኢሪ ኦተርስ ነበር። ኮነር ቤዳርድም በ2023 የትልቁ ሊግ ቡድኖች ወጣቶችን በየተራ ሲመርጡ ቺካጎ በአንደኛነት ከመውሰዱ በፊት የሬጃይና ፓትስ ልጅ ነበር። በ2022 ሬጃይና ውስጥ ጁኒየር ቲኬት የገዛ አባት ለልጁ ያሳየው ይህንን ነው፤ ዛሬ ያንኑ ተጫዋች በትልቁ ሊግ ማየት ኪስ ይጎዳል። ካልጋሪ ላይ ጁኒየሩ ሂትመንና የትልቁ ሊግ ፍሌምስ ባለቤታቸው አንድ ነው፤ ኤድመንተን ላይም ጁኒየሩ ኦይል ኪንግስና የትልቁ ሊግ ኦይለርስ እንዲሁ። የቲኬታቸው ዋጋ ግን በጣም ይራራቃል።

የምዕራቡ ሊግ መደበኛ ውድድር በመስቀል ሰሞን ተጀምሮ ማርች መጨረሻ አካባቢ ያልቃል። አንድ ቡድን 68 ጨዋታ ያደርጋል፤ 34ቱ በሜዳው ነው። ሲዝን ቲኬት የገዛ ሰው ለ34ቱም ማታ አንድ ወንበር በስሙ ይያዝለታል። ሚኒ ፓክ የሚባለውም አለ፤ ቡድኑ ራሱ የመረጣቸውን ጥቂት ጨዋታዎች ሰብስቦ ነው የሚሸጠው፤ ቀናቱ የታወቁ ናቸው። ፍሌክስ ፓክ ከሁለቱም የሚለየው ቀኑን የምትመርጡት እናንተ በመሆናችሁ ነው፣ ያውም ከገዛችሁ በኋላ።

ቡድኑ ይህን የሚያደርገው ለምንድን ነው? አዲስ አበባ ላይ ታክሲው ሰው እስኪሞላ ቆሞ ሊጠብቅ ይችላል፤ ጨዋታ ግን ሰዓቱ ሲደርስ ይጀመራል። የሚጫወቱባት ጥቁር ጎማ በረዶው ላይ ወድቃ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ባዶ የቀረው ወንበር ያን ማታ ሊያስገኝ የሚችለው ገንዘብ አብሮ ይጠፋል። በተለይ የማክሰኞና የረቡዕ ጨዋታ ሰው ይሳሳዋል። ስለዚህ ቡድኑ ቅናሽ አድርጎ ገንዘቡን አስቀድሞ ይሰበስባል፤ ወንበሩም ይሞላለታል፤ የመጣው ሰው ደግሞ ውስጥ ገብቶ ይበላል፣ ይጠጣል፣ የቡድኑን ኮፍያ ይገዛል። ሌላም አለ፤ ከተሸጡት ቫውቸሮች የተወሰኑት ሳይሠራባቸው ይቀራሉ። ለቡድኑ ያ ተጨማሪ ገቢ ነው፣ ለገዢው ግን ኪሳራ።

ስሌቱን በምሳሌ ልየው። በር ላይ ቲኬቱ 30 ዶላር ነው እንበል፤ አሥር ቫውቸር ያለው ፓክ ደግሞ 240 ዶላር። አንዱ 24 ደረሰ ማለት ነው፤ አሥሩንም ከተጠቀማችሁ 60 ዶላር ተረፋችሁ። ሁለቱ ሳይሠራባቸው ከቀሩ ስምንቱ እያንዳንዳቸው 30 ገቡ፤ ቅናሹ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ሦስት ከቀሩ የአንዱ ዋጋ ከ34 ዶላር ያልፋል፤ በር ላይ ብትገዙ ይሻላችሁ ነበር። ልጆች ያሏችሁ ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ፤ በር ላይ የልጅ ቲኬት ብዙ ጊዜ ከአዋቂ ይረክሳል፣ ቫውቸሩ ግን ለልጅም ለአዋቂም አንድ ዋጋ ሊሆን ይችላል። ለአዋቂዎቹ ቫውቸር፣ ለትንንሾቹ የልጅ ቲኬት መግዛት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ታዲያ ጎን ለጎን መቀመጣችሁን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። ቫውቸር ወንበር አይደለም። በኢንተርኔት ወይም ቲኬት ቢሮው ጋ ሄዳችሁ የተወሰነ ጨዋታ፣ የተወሰነ ረድፍና ቁጥር ወዳለው ቲኬት እስክትቀይሩት ድረስ በእጃችሁ ያለው ተስፋ ብቻ ነው። ይህን የተማርኩት ከዚህ በፊት በኖርኩባት ትንሽ ከተማ ነው። ክረምቱን ሙሉ ትርፍ ሰዓት ስሠራ ቆይቼ ማርች ሲደርስ አራት ቫውቸር ቀርተውኛል። የመጨረሻው የሜዳ ጨዋታ ቅዳሜ ማታ ነው፤ ልጆቹ ማሊያ ለብሰው በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። የመቀመጫውን ካርታ ስከፍት ክፍት የሆኑት ነጥቦች እንደ ተበተነ ሽምብራ እዚህም እዚያም አንድ አንድ ናቸው። ሁለት ወንበር እንኳ ተያይዞ የለም። ትልቁን ልጄን ብቻውን አንድ ረድፍ ላይ አስቀምጬ፣ ትንሿን ጭኔ ላይ ይዤ፣ ባለቤቴ ከማዶ እጇን እያውለበለበችልን ነው ያየነው። ልጄ የመጀመሪያው ጎል ሲገባ ዘወር ብሎ ሲፈልገኝ ያየሁት ፊቱ እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ካልጋሪ ውስጥ የሂትመን ሜዳ ሳድልዶም 19 ሺህ ያህል ሰው ስለሚይዝ በተራ የሳምንት ቀን ይህ ችግር እምብዛም የለም። ይሁን እንጂ ትልልቅ ማታዎች አሉ። ዲሴምበር አካባቢ የሚደረገውን የአሻንጉሊት ውርወራ ውሰዱ፤ የሜዳው ቡድን የመጀመሪያውን ጎል ሲያስገባ ሕዝቡ ይዞት የመጣውን አሻንጉሊት በረዶው ላይ ያዘንባል፤ ተሰብስቦ ለተቸገሩ ልጆች ይሰጣል። በ1993 ካምሉፕስ ላይ የተጀመረ ልማድ ነው፤ ሂትመን ዲሴምበር 2 ቀን 2018 ባደረገው ጨዋታ 29,635 አሻንጉሊት ተሰብስቧል። እንዲህ ላለ ማታ ቫውቸር ይዞ በር ላይ መድረስ አይሆንም። ደግሞም አንዳንድ ቡድኖች እንዲህ ያለውን ጨዋታ ከፓኩ ውጭ ያደርጉታል።

ከመክፈላችሁ በፊት ቲኬት ቢሮውን ጠይቁ፤ የማይሠራበት ጨዋታ አለ ወይ? የትኛው የመቀመጫ ክፍል ነው? ስቀይረው ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቃል ወይ? ለሌላ ሰው ማስተላለፍስ ይቻላል? ቫውቸሩ የሚያገለግለው ብዙውን ጊዜ ለመደበኛው ውድድር ብቻ ነው። ሲዝኑ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፤ ከመደበኛው ውድድር በኋላ ለሚመጣው ፕሌይ ኦፍም ሆነ ለሚቀጥለው ዓመት አይሻገርም፤ ገንዘቡም አይመለስም።

አሁን እኛ ቤት የጨዋታው ፕሮግራም ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። የሺፍት ፕሮግራሜ በወጣ ዕለት ማታ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለን ሁለቱን ወረቀቶች እናስተያያለን፤ የተገጣጠመው ቀን ላይ ትንሿ በቀይ እስክርቢቶ ታከብባለች፤ እኔም እዚያው አራቱን ወንበር አያይዤ እቀይራለሁ። የእሑድ ከሰዓቱን ጨዋታ አስቀድማ የምታከብበው እሷ ናት፤ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣን በቀጥታ ስለምንሄድበት።