የዘር ኩባንያዎች፣ ልውጥ ሰብልና የመገናኛ ብዙኃን ዘገባ በጎጃም

በጎጃም ስለ ዘር ኩባንያዎች የሚነሣው ጉዳይ ከሁሉ በፊት የበቆሎ ጉዳይ ነው። በምዕራብ ጎጃም ከቡሬና ከጃቢ ጠህናን እስከ ሜጫና ደቡብ አቸፈር፣ በአዊም በኩል በጓንጓና በአየሁ ጓጉሳ፣ በቆሎ የቤት ቀለብም የገበያ ሰብልም ከሆነ ቆይቷል። የሚዘራውም በአብዛኛው ዲቃላ ነው፤ ስለዚህ ዘሩ በየዓመቱ ይገዛል። ዘሩን ማን ያባዛል፣ ዋጋውን ማን ይቆርጣል፣ ሳይበቅል ሲቀር ማን ይጠየቃል የሚሉት ጥያቄዎች ሚያዝያና ግንቦት በመጣ ቁጥር በየኅብረት ሥራ ማኅበሩ ደጅ ይነሣሉ። የመገናኛ ብዙኃን ትኩረት ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው፤ ወይ የመስክ ቀን በዓልና ርክክብ ይዘግባሉ፣ ወይም «ጂኤምኦ (ልውጥ ሰብል) ገባ» የሚለውን ስጋት ያራግባሉ።

ዲቃላና ልውጥ እንደ አንድ ነገር ሲምታቱ መስማት የተለመደ ነው። ዲቃላ ዘር የሚመረተው ማሳ ላይ ነው። ሁለት ወላጅ መስመሮች በረድፍ በረድፍ ይዘራሉ፤ የእናቲቱ ረድፎች አናታቸው ላይ የሚያወጡት ወንዴ አበባ ብናኙን ከማፍሰሱ በፊት በእጅ ይነቀላል። የቀን ሠራተኞች ከማለዳ ጀምሮ ረድፍ ለረድፍ እየሄዱ፣ ገና ከቅጠሉ ያልወጣውን ሳይቀር እየመዘዙ መሬት ይጥሉታል። በዚያ ማሳ ላይ ጥቂት አበባ ካመለጠ እናቲቱ ራሷን ታዳቅልና ዘሩ ጥራቱን ያጣል፤ ተቆጣጣሪውም ማሳውን ከዘርነት ሊሰርዘው ይችላል። ለገበሬ የሚሸጠው ከእነዚህ አበባቸው ከተነቀለ ረድፎች የሚለቀመው በቆሎ ነው። ከሌላ ፍጥረት የመጣ ዘረመል የለበትም። ልውጥ ሰብል የሚባለው ግን በላብራቶሪ ዘረመል የተጨመረበት ነው፤ «ቢቲ» የሚባሉት ለምሳሌ ከአፈር ባክቴሪያ በተወሰደ ዘረመል አማካይነት ትል የሚገድል ፕሮቲን ራሳቸው ያመርታሉ። መምታታቱን ያባሰው የዘሩ መልክ ሳይሆን አይቀርም፤ ዘሩ ከነቀዝና ከሻጋታ እንዲጠበቅ በመድኃኒት ስለሚለወስ ከከረጢቱ ቀላ ብሎ ይወጣል፤ ቀይ ቀለም የነካው እህል ያየ ሰውም የፈለገውን ቢያስብ አይፈረድበትም።

ዲቃላ ዘርን ገበሬው ለከርሞ ቢያስቀር የሚከለክለው የለም። ምርቱ ግን በሁለተኛው ዓመት ያሽቆለቁላል፤ የአገዳው ቁመትም አንድ አይሆንም። ኩባንያን ከገበሬ ጋር በየዓመቱ የሚያስተሳስረው ይህ የተፈጥሮ ጠባይ ነው፤ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ሳያስፈልገው እንደ ፓተንት ያገለግላል።

ጎጃም ውስጥ የሚዘሩት ዲቃላዎች በዋናነት ከሁለት ወገን የመጡ ናቸው። አንደኛው የመንግሥት ምርምር ነው፤ ከባኮ የምርምር ማዕከል የወጡት ቢኤች-660፣ ቢኤች-540 እና ኋላ የተከተለው ቢኤች-661 ለዓመታት የአካባቢውን በቆሎ ተሸክመዋል። የእነዚህ ወላጅ መስመሮች በሕዝብ ተቋም እጅ ስለሆኑ የኢትዮጵያ ምርጥ ዘር ድርጅትም (ኋላ በኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ውስጥ የተጠቃለለው)፣ በ2001 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማራ ምርጥ ዘር ድርጅትም፣ ፈቃድ ያላቸው የግል አምራቾችም ያባዟቸዋል። ሁለተኛው ወገን ፓዮኒር ነው። ገበሬው «ጃቢ»፣ «ሾኔ»፣ «ሊሙ» እያለ በአገር ስም የሚጠራቸው ዘሮች የአሜሪካው ኩባንያ ዲቃላዎች ናቸው፤ ወላጆቻቸው የኩባንያው የንግድ ምስጢር ስለሆኑ ከእሱ ፈቃድ ውጭ ሌላ ሰው ሊያባዛቸው አይችልም። ሊሙ ጥሩ ያፈራል ተብሎ ስለሚፈለግ ሲያጥር ወረፋው ይረዝማል፣ በጎን የሚሸጠውም ዋጋው ይሰቀላል። የሚያጥረው የቢኤች ዘር ሲሆን ለምን እንዳጠረ የሚጠየቅ የመንግሥት ተቋም አለ፤ ስለ ሊሙ መልስ ያለው ግን ኩባንያው ዘንድ ነው።

ኩባንያው ራሱ ባለቤት ሲቀያይር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1926 በአዮዋ በሄንሪ ዋላስ ተመሠረተ፤ ዋላስ ኋላ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኗል። በ1999 የኬሚካል ኩባንያው ዱፖንት ጠቅልሎ ገዛው፤ ዱፖንትም በ2017 ዳው ከተባለው ሌላ የኬሚካል ኩባንያ ጋር ተዋሐደ። በ2019 የእርሻ ክፍሉ ተነጥሎ ኮርቴቫ ተባለ። በዚያው ሰሞን የቻይናው ኬምቻይና የስዊዘርላንዱን ሲንጀንታን፣ የጀርመኑ ባየር ደግሞ የአሜሪካውን ሞንሳንቶን በ63 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዙ። የዓለም የዘርና የጸረ-ተባይ ገበያ ትልቁ ድርሻ በጥቂት እጆች የገባው በእነዚህ ሁለትና ሦስት ዓመታት ነው። በአማርኛ የዜና አውታሮች ይህ ውሕደት የውጭ ንግድ ዜና ሆኖ አልፏል፤ ፍኖተ ሰላም ወይም መራዊ የሚሸጥ ከረጢት ላይ ያለው ስም ባለቤቱ ማን እንደሆነ ያያያዘ ዘገባ ብርቅ ነው።

ከውጭ በሚመጣ ነገር ላይ ያለው ጥርጣሬ በጎጃም አዲስ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ከሞጣ፣ ከቢቸናና ከዳሞት የተነሣው ገበሬ የመሬት ልኬትንና ግብርን በመሣሪያ ተቃውሟል። መሬቱን ሊለካና ሊመዘግብ የሚመጣ ሁሉ ሌላ ነገር ደብቆ ነው የሚመጣው የሚል እምነት ከዚያም በፊት ነበረ፤ ከዚያ ወዲህም አልጠፋም። ስለ ዘር ያለውን ወሬ እንደ አላዋቂነት ብቻ የሚያየው የከተማ ጋዜጠኛ ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነበር።

ልውጥ ሰብልን በሚመለከት ኢትዮጵያ መጀመሪያ የያዘችው አቋም ጥብቅ ነበር። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ለረጅም ጊዜ የመሩት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር እ.ኤ.አ. በ2000 ለጸደቀው ስለ ልውጥ ሕያዋን ደኅንነት ለሚደነግገው የካርታኼና ፕሮቶኮል በተደረገው ድርድር የአፍሪካን ወገን ድምፅ አሰምተዋል፤ በዚያው ዓመትም የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 የዚያ አስተሳሰብ ውጤት ነው። አዋጁ በ896/2007 ተሻሽሎ ላላ፤ በ2010 ዓ.ም. ከህንድ የመጡ ሁለት የቢቲ ጥጥ ዲቃላዎች ለእርሻ ተፈቀዱ፣ «ቴላ» የተባለው ልውጥ በቆሎም በተከለለ መስክ እንዲሞከር ፈቃድ አገኘ። ጥጥ የቆላ ሰብል በመሆኑ የጎጃምን ደጋና ወይና ደጋ በቀጥታ አልነካም። ቴላ ግን የበቆሎ ጉዳይ ነው።

የቴላ ደጋፊዎች ዋና ማስረጃ ተምች ነው። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገር የገባው መጤው የአሜሪካ ተምች ጎጃምንም አልማረም፤ የበቆሎው እምብርት ውስጥ ገብቶ እየበላ እርጥብ መጋዝ የመሰለ ፍግ ያራግፋል፣ ጉዳቱ ሲታይ ትሉ ጥልቀት ስለሚይዝ የሚረጨው መድኃኒት እምብዛም አያገኘውም። ቤተሰብ በሙሉ ማሳ ወርዶ በጣት እየለቀመ የጨፈለቀበት ክረምት ነበር። ትሉን ራሱ የሚገድል በቆሎ አለ ሲባል የማይሰማ ገበሬ የለም። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው ትሉ መድኃኒቱን እንደሚለምድ፣ የበቆሎ ብናኝ በነፋስ ተጉዞ የጎረቤትን ማሳ እንደሚያዳቅል፣ አንድ ጊዜ ከወጣ መመለሻ እንደሌለው ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ባወጣው ሪፖርት የኢትዮጵያን እርምጃ ሲያሞግስ ጉዳዩ በአዲስ አበባ ጋዜጦችና በማኅበራዊ ሚዲያ ተቀጣጠለ። ክርክሩ የተነሣው ከውጭ በመጣ ሰነድ መሆኑ ራሱ የሚናገረው አለው፤ ፈቃዱ ሲሰጥ እዚሁ ነበርን።

በሌላው ዓለም ኩባንያዎችን የመመርመሩ ሥራ የተሳካው ሰነድ በተገኘበት ነው። በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ራውንድአፕ ስለተባለው የአረም ማጥፊያ በቀረቡ ክሶች ሳቢያ የሞንሳንቶ የውስጥ ደብዳቤዎች ወጡ፤ የፈረንሳዩ ጋዜጣ የለ ሞንድ ጋዜጠኞች ስቴፋን ፉካርና ስቴፋን ኦሬል በእነዚህ ላይ ተመሥርተው በሠሩት ተከታታይ ዘገባ እ.ኤ.አ. በ2018 የአውሮፓ ፕሬስ ሽልማትን አሸነፉ። በ2019 ደግሞ ለሞንሳንቶ የሚሠራ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት በፈረንሳይ የጋዜጠኞችንና የፖለቲከኞችን ስም ከነአቋማቸው መዝግቦ መያዙ ተጋለጠ፤ የአገሪቱ የግል መረጃ ጠባቂ ተቋም በ2021 ሞንሳንቶን 400 ሺህ ዩሮ ቀጣ። ጋዜጠኛ ተታልሎ የሚያውቅበትም ጊዜ አለ። በ2012 ልውጥ በቆሎ አይጦችን ለዕጢ ዳረገ የሚለው የፈረንሳዊው ተመራማሪ የሴራሊኒ ጥናት ለተመረጡ ጋዜጠኞች አስቀድሞ የተሰጠው ሌላ ሳይንቲስት እንዳያማክሩ አስፈርሞ ነው። የዕጢዎቹ ፎቶ ዓለምን ዞረ፤ ጥናቱን ያወጣው መጽሔት በ2013 ሻረው። ፎቶዎቹ ዛሬም በአማርኛ ገጾች ላይ ይሽከረከራሉ፣ መሻሩ ግን አብሮ አልመጣም።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ቡርኪና ፋሶ ናት። የሞንሳንቶ ቢቲ ጥጥ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በገበሬ ማሳ ተዘራ፤ የትሉን ነገር አቃለለ፣ የጥጡ ጭረት (ቃጫው) ግን ርዝመቱ አጠረ። ጥራቱ ወርዶ ገበያ ስለከዳቸው በ2016 ተዉት። ያንን ነገር ያመጣው የጤና ስጋት አልነበረም።

ጎጃም ውስጥ በስፋት የተወራ የኩባንያ ጉዳይ ካለ የጤፍ ፓተንት ነው፤ እሱም ልውጥ ዘር አይደለም። በ1997 ዓ.ም. አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር የዘረመል ሀብት ተጠቃሚነት ስምምነት ተፈራረመ። ከዚያ በ2007 እ.ኤ.አ. የጤፍ ዱቄት አሠራርን የሚመለከት የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ፣ ፓተንቱ ግን ከእሱ ጋር ግንኙነት ባላቸው ሰዎች እጅ ቆየ። በ2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ የኔዘርላንድሱን ፓተንት ሻረው፤ ዜናውን ብዙ ኢትዮጵያዊ የሰማው በወቅቱ በአሜሪካ አምባሳደር ከነበሩት ከአቶ ፍጹም አረጋ የትዊተር ገጽ ነው። ቢቸናና ደጀን ነጭ ጤፍ ለሚያመርት ሰው ይህ የክብር ጉዳይ ነበር፤ ደስታው ተገቢ ነው። የሚገርመው፣ ስምምነቱ ከተፈረመ ፓተንቱ እስከተሻረ ድረስ ባሉት 14 ዓመታት ገደማ ውስጥ አገር ያገኘችው ጥቅም ምን ነበር የሚለው ጥያቄ የአማርኛ ዜና አለመሆኑ ነው።

ጎጃምን በቅርብ የሚያዳርሰው ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ሚዲያ ነው፤ አሚኮ (የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን) በሬዲዮና በቴሌቪዥን፣ በኩርም በጋዜጣ። የግብርና ፕሮግራማቸው ጠቃሚ ነው፤ የዘር ወቅት፣ የረድፍ ርቀት፣ የዩሪያ መጠን ከሬዲዮ የተማረ ገበሬ ብዙ ነው። ነገር ግን ዜናው የሚገኘው ከግብርና ቢሮ ነው፤ ጋዜጠኛው ወደ መስክ የሚወጣውም ብዙ ጊዜ በጋባዡ መኪናና አበል ነው። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው የማሳያውን ማሳ ያያል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለውን አያይም። የመረጃ ነጻነት አዋጅ 590/2000 ውል የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ ይህን መብት ተጠቅሞ የዘር ግዥ ውል ያወጣ ዘገባ ግን አልተለመደም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የማዳበሪያ እጥረት ገበሬውን አደባባይ ሲያወጣ ነገሩ ተዘገበ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ባለው ግጭትና በነበረው የኢንተርኔት መቋረጥ ከባሕር ዳር ወጥቶ ገጠር መዘገብ ራሱ አደገኛ ሆኗል።

ሳይበቅል የሚቀር ዘር ጉዳይ እንዴት እንደሚሄድ ማየት ለጋዜጠኛ ይጠቅማል። በከረጢቱ ላይ የተሰፋው ካርድ የዝርያውን ስም፣ የምርት ዘመኑን፣ የምድብ (ሎት) ቁጥሩንና የበቃይነት መቶኛውን ይይዛል። ለአንድ ሄክታር 25 ኪሎ ገደማ ያስፈልጋል፤ አንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) ያለው ሰው ግን ከረጢት ከጎረቤቱ ጋር ይካፈላል፣ ካርዱ ከአንዱ ጋር ይቀራል፣ ብዙውን ጊዜም ይጣላል። ዘሩ በግንቦት መጨረሻ ይዘራል። ካልበቀለ በሁለት ሳምንት ይታወቃል። ገበሬው ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ይናገራል፤ እሱ ለወረዳ፣ ወረዳው ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ዩኒየን፣ ዩኒየኑ ለአምራቹ። አምራቹ «ዝናብ አጥሮ ነው» ወይም «ጠልቆ ተዘርቶ ነው» ይላል። የክልሉ የግብዓት ጥራት ቁጥጥር አካል ናሙና ለመውሰድ ያልተዘራ ዘርና ካርዱን ይፈልጋል፤ ሁለቱም የሉም። ሐምሌ ሲገባ ገበሬው ማሳውን ገልብጦ ጤፍ ይዘራበታል፣ ከዚያ በኋላ የሚለካ ጉዳትም የሚታይ ማስረጃም አይኖርም።