ፕሮግረሲቭ ኦቨርሎድ ምንድን ነው?

ብረት የሚገፋ ሰው «ስንት ደረስክ?» መባሉ አይቀርም። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ሰማንያ» ያልኩበት ጊዜ ነበር። ስኳት (ክብደት የተጫነበትን ረጅም ብረት፣ ባሩን፣ ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) በ60 ኪሎ ጀምሬ በሁለት ወር 80 ገባሁ። ደብተሬ ላይ ቁጥሩ በየሳምንቱ ከፍ ይላል። አንድ ቀን ስልኬን ግድግዳ አስደግፌ ራሴን ከጎን ቀረጽኩ። ቪዲዮውን ሳየው ወንበር ላይ ልቀመጥ ብሎ ሐሳቡን የቀየረ ሰው ነው የምመስለው። ለካ ኪሎው በጨመረ ቁጥር ቁጢጥ የምልበትን ርቀት እያሳጠርኩ ኖሯል።

ፕሮግረሲቭ ኦቨርሎድ ማለት ጫናን ቀስ በቀስ መጨመር ነው። ሰውነት ከለመደው ትንሽ ከበድ ያለ ሥራ ሲገጥመው፣ በቂ እረፍትና ምግብ ካገኘ፣ ራሱን ያጠናክራል። ያንንም ሲለምደው ጫናው እንደገና ትንሽ ከፍ ይላል። ዓመት ሙሉ ያንኑ ክብደት ያንኑ ያህል ጊዜ ብታነሱ ግን ያላችሁን ትይዛላችሁ እንጂ ብዙም አትጨምሩም።

ዘዴውን በሕክምና መልክ ካስያዙት አንዱ ቶማስ ደሎርም የተባለ የአሜሪካ ጦር ሐኪም ነው። በ1940ዎቹ ጉልበታቸው የተጎዳ ወታደሮችን ከባድ ክብደት እያስነሳ ያክም ነበር። በሽተኛው አሥር ጊዜ ብቻ ማንሳት የሚችለውን ክብደት ይፈልጋል። መጀመሪያ ግማሹን፣ ቀጥሎ ሦስት አራተኛውን፣ በመጨረሻ ሙሉውን አሥር አሥር ጊዜ ያስነሳዋል። አቅሙ ሲያድግ ክብደቱም ይጨመራል። «ስኳት ጉልበት ይጨርሳል» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ትዝ የሚሉኝ እነዚያ ወታደሮች ናቸው።

የሚጨመረው ግን ኪሎ ብቻ አይደለም። በ60 ኪሎ አምስት አምስት ጊዜ ሦስት ዙር ትሠራላችሁ እንበል። («ሴት» የሚለውን የጂም ቃል ትቼ ዙር የምለው፣ ሲጻፍ ሌላ ነገር ስለሚመስል ነው።) በሚቀጥለው ሳምንት ስድስት፣ ከዚያ ሰባት፣ ከዚያ ስምንት። ሦስቱም ዙር ስምንት ሲሞላ ክብደቱን ወደ 62.5 ኪሎ ከፍ አድርጋችሁ ወደ አምስት ትመለሳላችሁ። በዚያው ክብደት ጠለቅ ብሎ መውረድ ወይም ታች አንድ ሁለት ሰከንድ መቆየትም ጭማሪ ነው። ብዙ ጂም ውስጥ የሚገኘው ትንሹ ፕሌት (ባሩ ጫፍ ላይ የሚገባው ክብ ክብደት) 1.25 ኪሎ ነው፤ በግራና በቀኝ 2.5 ይሆናል። መቶ ኪሎ ለሚያነሳ ይህ ምንም ማለት አይደለም። አርባ ለሚያነሳ ግን ከመቶ ስድስት በላይ ነው።

ጀማሪዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁጥሩ ቶሎ ቶሎ የሚያድገው በአብዛኛው ነርቭ ጡንቻን ማዘዝ ስለሚለምድ ነው። ጡንቻው ከኋላ ይመጣል። ጅማት ደግሞ ከእሱም ይዘገያል። ስለዚህ «ቻልኩት» ማለትና «ሰውነቴ ተዘጋጅቷል» ማለት ለየቅል ናቸው።

ወደ ስኳቱ እንምጣ። እግር በትከሻ ስፋት ያህል ይከፈታል፣ ጣቶች ትንሽ ወደ ውጭ ይዞራሉ። ከመውረዳችሁ በፊት አየር ወደ ሆድ ሳቡና ሰው ሆዳችሁን ሊመታ የመጣ ያህል አጠንክሩት። ክብደቱ መሐል እግራችሁ ላይ ይረፍ፤ ተረከዝ ከተነሳ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ጉልበት የእግር ጣት ወዳመለከተበት ይሂድ፣ ወደ ውስጥ አይግባ። ጉልበት ከጣት ማለፍ የለበትም የሚለው ምክር ግን ለሁሉም አይሠራም። እግሩ ረዘም ያለ ሰው በግድ ከከለከለው ወደ ፊት ያጎነብሳል፣ ጫናውም ወደ ዳሌና ወገብ ይሄዳል። ጥልቀቱ ደግሞ ወገባችሁ ሳይጎብጥ መውረድ እስከምትችሉበት ድረስ ነው።

ባሩ የሚሰቀልበት መደርደሪያ ላይ ያለውን የደኅንነት ብረት ከምትወርዱበት ትንሽ ዝቅ አድርጉት። መነሳት ሲያቅታችሁ ባሩን እሱ ላይ አሳርፋችሁ ትወጣላችሁ። ትንፋሽ ይዞ መግፋት የደም ግፊትን ለጊዜው በጣም ከፍ ያደርጋል፤ ግፊት ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። በማግስቱ ጭን ቢዝል የተለመደ ነው። መገጣጠሚያ ላይ እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም ከመጣ ግን የዚያ ቀን ሥራ እዚያው ያበቃል።

እኔ ከዚያ ቪዲዮ በኋላ ወደ 55 ወረድኩ። አሳፍሮኛል፣ አልዋሽም፤ በተለይ ትናንት «ሰማንያ» ያልኩት ልጅ ከጎኔ ሲሠራ። ሰማንያን እንደገና፣ አሁን እስከ ታች ወርጄ፣ ለማንሳት አምስት ወር ፈጀብኝ። በየሁለት ሳምንቱ ስልኩ ግድግዳው ሥር ይቆማል።