ጂን ማረም እና ልውጠ ሕያው (ጂኤምኦ) አንድ ናቸው?

ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ሁለቱም የተክሉን ዲኤንኤ ስለሚነኩ አይፈረድበትም። ዋናው ጥያቄ ግን መጨረሻ ላይ ተክሉ ውስጥ ምን ቀረ የሚለው ነው።

ቢቲ ጥጥ ልውጠ ሕያው ነው። ትሉን የሚገድለው ፕሮቲን የሚሠራው ከአፈር ባክቴሪያ በመጣ ጂን ነው። ያ ጂን ከጥጡ ጋር ይኖራል።

አሁን ወደ ጤፍ እንምጣ። አገዳው ቀጭንና ረጅም ነው። ዛላው ሲከብድ፣ ዝናብና ነፋስ ሲጨመርበት ይጋሸባል። የዓመት ልፋት መሬት ላይ ተኝቶ ማየት ያንገበግባል። ተመራማሪዎች ክሪስፐር በሚባለው የዲኤንኤ መቁረጫ ኤስዲ1 የተባለውን ጂን አርመው አጠር ያለ ጤፍ አግኝተዋል። ጂኑ ጂበርሊን የሚባለውን የእድገት ሆርሞን ለመሥራት ያገለግላል። ክሪስፐር ቦታውን ፈልጎ ይቆርጣል፣ ሴሉ ሲጠግነው ጥቂት የዲኤንኤ ፊደላት ይሳሳታል፣ ጂኑ ይዳከማል። በ1966 የተለቀቀው አጭሩ አይአር8 ሩዝም የዚሁ ጂን ጉድለት አለበት፤ እሱ ግን በተፈጥሮ የመጣ ነው።

ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። መቁረጫው ራሱ ብዙ ጊዜ ወደ ተክሉ የሚገባው እንደ ባዕድ ጂን ሆኖ ነው። በቀጣዩ ትውልድ ግን መቁረጫው የሌለባቸውን፣ እርማቱ ብቻ የቀረባቸውን ቡቃያዎች መምረጥ ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2018 እነዚህንም በልውጠ ሕያው ሕግ ሥር አስገብቷቸዋል። ኬንያና ናይጄሪያ ግን ባዕድ ጂን ከሌለበት ለይተው ያዩታል። እኔ የእነሱ አካሄድ ያሳምነኛል።