ታሌምፖንግ፦ የቱ ነው የሚቀመጠው፣ የቱ ነው የሚያዘው?

የኢንዶኔዥያ ሙዚቃ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያውቀው የጃቫንና የባሊን ጋሜላን (በአንድነት የሚመቱ መሣሪያዎችን ስብስብ) ነው። ታሌምፖንግ ግን በምዕራብ ሱማትራ የሚኖረው የሚናንግካባው ሕዝብ መሣሪያ ነው። ከነሐስ የሚሠራ ትንሽ ጎንግ (ሲመታ የሚያስተጋባ ክብ የብረት መሣሪያ) ሲሆን፣ መሃሉ ላይ ያለው ጉብታ በእንጨት ይመታል።

ግራ የሚያጋባው አጨዋወቱ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። "ዱዱዋክ" የሚባለው መቆሚያ ላይ ተደርድሮ፣ ቁጭ ተብሎ ይመታል። "ፓቺክ" ደግሞ በእጅ ተይዞ፣ በሰርግ አጀብ መሃል እየተሄደ ይመታል። እኔ በጣም የምወደው ይሄኛውን ነው። ብዙውን ጊዜ ሦስት ሰዎች ይጫወቱታል፤ አንድ ሰው በግራ እጁ ሁለት ጎንግ ደርቦ ይይዛል። ሙሉውን ዜማ ብቻውን የሚመታ የለም። አንዱ የተወውን ክፍተት ሌላው ይሞላዋል፤ ዜማው የሚወጣው ምታቸው ሲገጣጠም ነው። ከሦስቱ አንዱ ከዘገየ ወዲያው ያስታውቃል።